የመጋዝ ጥርስ ለምን ይሰበራል? ለምንስ ይተኛል?

ጥያቄው ከጅማ ነው የመጣው። ጠያቂው አናጢ ነው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ ከአንድ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ያረጀ ሰፊ የባንድ ሶው ምላጭ በርካሽ ገዛሁ። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ለእጅ መጋዝ ብዬ 65 ሳንቲ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ቁራጮች አወጣሁ። እንዲጠነክር ብዬ አንዱን በከሰል አግዬ ውሃ ውስጥ ከተትኩት። ተጣመመ። ጥርሱን ግራና ቀኝ ሳዘነብል ደግሞ አራት ጥርስ እንደ ብርጭቆ ተሰበረ። ሁለተኛውን ፈርቼ አመድ ውስጥ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ አደረግሁት። እሱ አይሰበርም፤ ግን ሁለት የባሕር ዛፍ ወራጅ ሳልቆርጥበት ይደንዛል፣ ጥርሱም ይተኛል። ጠንካራም የማይሰበርም እንዲሆን ምን ላድርግ? ለ30 ሳንቲ ሜትሩ ክብ መጋዜስ ይኸው ዘዴ ይሠራል?»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ የሚያስቆጨውን ልንገርህ። ያንን ምላጭ እሳት ማስነካት ጭራሽ አላስፈለገህም ነበር።

የመሰንጠቂያ ቤት ባንድ ሶው ተራ ላሜራ አይደለም። ሁለት ትልልቅ ጎማዎች ላይ ተወጥሮ ቀኑን ሙሉ እየተለመጠና እየተቃና ይሽከረከራል። ስለዚህ የሚሠራው ከሞላ ብረት ነው። ካርቦኑ 0.75 በመቶ አካባቢ ነው። ብዙዎቹ ላይ 2 በመቶ ገደማ ኒኬል ይጨመራል፤ ኒኬሉ ብረቱ ዱላ እንዲችል ያደርገዋል። ፋብሪካው ይህንን ብረት አግሎ፣ በድንገት አቀዝቅዞ፣ እንደገና በልኩ አሙቆ ነው የሚሸጠው። መሰንጠቂያ ቤቱ የጣለው ጥርሱ ስላለቀ ነው። ገላው ላይ የተሠራው ሥራ ግን እንዳለ አለ። አንተ እሳት ውስጥ ስትከተው ያንን ሥራ ነው ያፈረስከው።

በቁጥር ላሳይህ። የብረትን ጥጥርነት የምንለካበት አንዱ መንገድ ሮክዌል ሲ ይባላል። የአልማዝ ሾጣጣ በ150 ኪሎ ግራም ጭነት ብረቱ ላይ ይጫናል። ምን ያህል እንደሰመጠ ይታያል። ብዙ ካልሰመጠ ቁጥሩ ከፍ ይላል። ሞረድህ 62 እስከ 65 አካባቢ ነው። በሞረድ የሚሳል ጥሩ የእጅ መጋዝ 48 እስከ 52 አካባቢ ነው። የሰፊ ባንድ ሶው ገላ ደግሞ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ 44 እስከ 48 አካባቢ ይሆናል። አየህ፣ የምትፈልገው ነገር እጅህ ውስጥ ነበር ማለት ይቻላል።

ከምላጩ የተረፈህ ካለ ሦስተኛውን መጋዝ በቀዝቃዛ ሥራው። መጀመሪያ ስንጥቅ ፈልግ። ያረጀ ባንድ ሶው ከጥርስ ሥር መሰንጠቅ ይወዳል፤ ስንጥቁም በዓይን ላይታይ ይችላል። ምላጩን ነጭ ጋዝ ቀባውና ትንሽ ቆይተህ በደረቅ ጨርቅ ጥረገው። ከዚያ ጠመኔ ቀባው። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ጋዝ ወደ ጠመኔው ይወጣል፤ ቀጭን መስመር ሆኖ ታየዋለህ። ያንን ቦታ ቆርጠህ ጣለው።

ስትቆርጥ በግራይንደር ቀጭን ዲስክ ቁረጥ። ከመስመርህ 3 ሚሊ ሜትር ራቅ በል። ትንሽ ቆረጥ እያደረግህ ውሃ አፍስበት። ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ቀለም ካየህ እዚያ ቦታ ሙቀቱ በዝቷል ማለት ነው። የተውከውን 3 ሚሊ ሜትር በሞረድ በልተህ ስታወጣው ሰማያዊውም አብሮ ይሄዳል። ለእጀታው ቀዳዳ መብሳት ያስቸግርሃል፤ ተራ መብሻ አይበላውም። እዚያች ነጥብ ላይ ብቻ ብረቱን ማለስለስ ይቻላል። ጫፉ የተደፈጠጠ ምስማር መሰርሰሪያው ላይ እሰር። በፍጥነት እያዞርክ ነጥቡ ላይ ጫነው። በፍትጊያው ሙቀት ቦታው ሰማያዊ ይሆንና ይለሰልሳል። ከዚያ ትበሳዋለህ። እጀታው ሥር ጥርስ ስለሌለ ጉዳት የለውም።

ቀጥሎ ጥርሱን በሞረድ አውጣ። አዎ፣ ሞረድ ይፈጃል። አንድ መጋዝ ከባዶ ለማውጣት ግማሽ ቀን ይወስድብሃል። ግን ከሁለቱ የተሻለ መጋዝ ይሆንልሃል።

አሁን ወደ ተበላሹት ሁለቱ እንምጣ።

«ጠንካራም የማይሰበርም» ብለሃል። እዚህ ላይ ቃላችን ራሱ ያደናግረናል። ብረት ጠነከረ ስንል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እንጠራለን። አንደኛው ጥጥርነት ነው። ሌላ ነገር ሳይጭረውና ሳይሰረጉደው መቆየት ማለት ነው። ብርጭቆ ጥጥር ነው። ሁለተኛው ቻይነት ነው። ሲመቱትና ሲያጥፉት ሳይበጠስ መቆየት ማለት ነው። ጠፍር ቻይ ነው። አረብ ብረት ላይ እነዚህ ሁለቱ ይገፋፋሉ። አንዱን ከፍ ስታደርግ ሌላው ይወርዳል። የመጀመሪያው ምላጭህ ብርጭቆ ሆነ። ሁለተኛው ጠፍር ሆነ። ሥራው ያለው መሃሉን ማግኘት ላይ ነው።

መጋዝ ደግሞ ቢላዋ አይደለም። ቢላዋ ስለቱ ብቻ ቢቆይልህ ይበቃሃል። የመጋዝ ጥርስ ግን ግራና ቀኝ መታጠፍ አለበት። ካልታጠፈ እንጨቱ ውስጥ ይነክሳል፣ አይሄድም። ከዚያም በየሳምንቱ በሞረድ መሳል አለበት። ስለዚህ ሞረድ የማይበላው መጋዝ ለአንተ ለአናጢው ጥቅም የለውም። ብዙ ሰው መጋዝ ሲያነድ ከሚገባው በላይ ጥጥር አድርጎ ያበላሻል። ከሚገባው በታች አድርጎ የሚያበላሽ ጥቂት ነው።

ብረቱ ውስጥ ምን እንደሆነ በአጭሩ ልንገርህ፤ ካወቅኸው እጅህ ራሱ ይመራሃል። አረብ ብረት ከ727 ዲግሪ ሲያልፍ የውስጥ አደራደሩ ይቀየራል። ያኔ ካርቦኑ እንደ ስኳር በሻይ ብረቱ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለህ ካቀዘቀዝከው ካርቦኑ ጊዜ ስላለው ተለይቶ ይወጣል። ለስላሳ ብረት ይቀርሃል። አመዱ ውስጥ የሆነው ይኸው ነው። በድንገት ካቀዘቀዝከው ግን ካርቦኑ መውጫ ያጣል። ውስጥ ታስሮ ይቀራል። አደራደሩን ይወጥረዋል። ይህ የተወጠረ ብረት ማርቴንሳይት ይባላል። እጅግ ጥጥር ነው። ግን ውጥረቱ ስላልረገበ በትንሹ ይሰበራል።

ውሃ ደግሞ ለዚህ ቀጭን ብረት በጣም ይፈጥናል። ጥርሱና ጠርዙ ቀድመው ይቀዘቅዛሉ፤ ሆዱ ገና ትኩስ ነው። ማርቴንሳይት ሲፈጠር ብረቱ መጠኑ ትንሽ ይጨምራል። አንዱ ወገን አብጦ ሌላው ሳያብጥ ሲቀር ይጣመማል፤ ሲብስም ይሰነጠቃል። የአንተ ምላጭ የተጣመመው በዚህ ነው።

ጥርሱ የተሰበረው ግን በውሃው ብቻ አይደለም። የዘለልከው ደረጃ አለ። ከማቀዝቀዙ በኋላ ብረቱን እንደገና በመጠኑ ማሞቅ ነበረብህ። ይህ ቴምፐሪንግ ይባላል። እኔ ማርገብ እለዋለሁ፤ ሥራው ውጥረቱን ማርገብ ነውና። መጋዝ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ማጋሉና ማቀዝቀዙ ጥሬ ዕቃ ያቀርብልሃል፤ የመጋዙን ጠባይ የሚወስነው ማርገቡ ነው።

አሠራሩን ላምጣልህ። በመጀመሪያ ከዚያው ምላጭ ጣት የሚያህሉ አምስት ስድስት ቁራጮች ቁረጥ። ሁሉንም ነገር በእነሱ ሞክር። በደንብ ከወጣልህ በኋላ ነው ወደ ምላጩ የምትሄደው። ይህንን አትዝለል።

ውሃ የገባውን ምላጭ እንደገና ጋዝና ጠመኔ አሳየው። ስንጥቅ ካለው ተወው፣ እሳት የተሰነጠቀውን መልሶ አይገጥምም። ከሌለው ደግሞ እንደተጣመመ በመዶሻ ላቃናው ብለህ እንዳትመታው፤ በእጅህ ይሰበራል። መጀመሪያ አግለውና አየር ላይ እንዲቀዘቅዝ ተወው። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግመው። ይህ በሙቀት ብዛት የተጋነነውን የብረቱን የውስጥ ቅንጣት መልሶ ያደቅቀዋል። ከዚያ ለስላሳ ስለሚሆን በእንጨት መዶሻ ታቃናዋለህ።

የማጋያው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ነውና። 65 ሳንቲ ሜትር ርዝመትን በአንጥረኛ ምድጃ እኩል ማጋል አይቻልም። መሃሉ ሲነድ ጫፉ ጥቁር ይሆናል። መሬት ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ጠባብ ጉድጓድ ቆፍር። ከሥር በብረት ቱቦ አየር አስገባ፤ ቱቦው ላይ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ይኑረው። ከሰሉን እኩል ዘርጋ። ከሰሉ መሃል ምላጩን የሚያስገባ ሰፊ የብረት ቱቦ አጋድም፣ አንዱን አፉን ድፈነው። ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ግን አደራ አትጠቀም። ሲግል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው። ምላጩ ቱቦው ውስጥ በጠርዙ ይቁም። አብረህ ጥቂት የከሰል ስባሪ ጨምር። ከሰሉ ውስጥ ያለውን አየር ስለሚበላው የምላጩ ቆዳ ካርቦኑን አያጣም። ብረት ክፍት እሳት ላይ ብዙ ሲቆይ ከላይ ያለው ስስ ቆዳ ካርቦን ያጣል። ኋላ ሞረድ ስታደርግበት ለስላሳ ይመስልሃል፤ ከሥሩ ግን ጥጥር ነው። በዚህ ስንቱ ተሳስቷል!

የምትፈልገው ሙቀት ከ800 እስከ 815 ዲግሪ ነው። ቴርሞሜትር የለህም፤ ሁለት ምስክር ግን አለህ። አንዱ ማግኔት ነው። ብረት 770 ዲግሪ ሲደርስ ማግኔት መሳቡን ያቆማል። ሽቦ ጫፍ ላይ ማግኔት እሰር፣ ምላጩን ትንሽ ሳብ አድርገህ አስነካው። አልያዝ ካለ ተቃርበሃል። ሁለተኛው ምስክር ጓዳ ውስጥ ያለው ነው። የገበታ ጨው በ801 ዲግሪ ይቀልጣል። ከሙከራ ቁራጮችህ አንዷ ላይ ጥቂት የጨው ቅንጣት አድርገህ ከምላጩ ጎን ቱቦው ውስጥ አስቀምጣት። ጨው ቀልጦ እንደ ውሃ ሲያበራ ደርሰሃል። አምስት ደቂቃ እዚያው ይቆይ። አየሩን ቀንስ፣ ከዚያ በላይ አታንድደው። ቀለሙን በዓይን ለማየት ጥላ ውስጥ ሥራ። ጠራራ ፀሐይ ላይ ቀይ የሆነው ብረት ጥቁር ይመስላል፤ ሰውም ሳያውቅ ከልክ በላይ ያነዳል።

ሙቀቱ እንደበዛ የምታውቀው በሙከራ ቁራጭ ነው። ቁራጯን አግለህ ዘይት ውስጥ ክተታት። ከዚያ ሞርሳ ላይ ይዘህ ስበራት፤ ዓይንህን በመነጽር ሸፍነህ። የተሰበረውን ፊት እይ። ግራጫ፣ ደቃቅ፣ እንደ ሐር ልስልስ ያለ ከሆነ ጥሩ ነው። እንደ ስኳር ካብለጨለጨ ቅንጣቱ ተጋኗል፤ ከልክ በላይ አንድደሃል ማለት ነው። እንደዚያ ያለ ብረት ምንም ብታረግበው ጥርሱ ይረግፋል።

ማቀዝቀዣው ዘይት ይሁን። የኑግም ሆነ ሌላ የምግብ ዘይት ያገለግላል። ዘይት ዛሬ ውድ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ደጋግመህ ትጠቀምበታለህ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ አጣርተህ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጠው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ነው ብለህ አትግባበት። ጭሱ ለሳንባህ አይበጅም። ምላጭህ 8 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። 10 ሊትር ዘይት ያንን ሙቀት ሲቀበል በ11 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ይሞቃል። ስለዚህ 10 ሊትር ይበቃል። ከመጀመርህ በፊት ዘይቱን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቀው። ትኩስ ዘይት ቀጭን ስለሆነ ብረቱን ቶሎ ያቅፈዋል፤ ከቀዝቃዛው የተሻለ ያቀዘቅዛል። የሚረጋ ዘይት ከሆነማ ማሞቁ ግድ ነው።

ዕቃው የብረት ገንዳ ይሁን። ምላጩን ከነርዝመቱ የሚውጥ፣ ክዳን ያለው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን በምሠራበት ቤት ትንሽ ዕቃ ውስጥ ረጅም ብረት ከትተን ነበር። ግማሹ ውጭ ቀረ። ዘይቱ ከጋለው ብረት ጋር በአየር ላይ ሲገናኝ ነደደ። አንዱ ባልደረባችን ደንግጦ ውሃ ደፋበት። እሳቱ እስከ ጣሪያው ዘለለ፣ ሁለት እጁን ተቃጠለ። እስከ ዛሬ ያ ድምፅ ጆሮዬ ላይ አለ። ዘይት ሲነድ ክዳን ትደፋበታለህ ወይም ደረቅ አሸዋ ታለብሰዋለህ። ውሃ በፍጹም። ዘይቱ ውስጥም የውሃ ጠብታ እንዳይኖር። ሥራው ደጅ ይሁን፤ ልጆች አጠገብህ አይሁኑ።

ምላጩን ስትከት በጠርዙ ይግባ፣ በጎኑ አይተኛ። ወደ ገንዳው አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ይጥለቅ። ውስጥ ሆኖ በርዝመቱ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሰው። ወደ ጎን ካንቀሳቀስከው ይጣመማል። እዚህ ላይ ፍጥነት ያስፈልጋል። ይህ ብረት ቀዩን ሙቀት በአንድ ሰከንድ ገደማ ውስጥ ማለፍ አለበት። ስለዚህ ገንዳው ከምድጃው አጠገብ ይሁን፣ መንገድህ ላይ ምንም አይቁም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይመጣል። ማርቴንሳይት የሚፈጠረው ወዲያው አይደለም። ብረቱ ከ250 ዲግሪ በታች ወርዶ ነው የሚጀምረው። ከዚያ በፊት ብረቱ ገና ለስላሳ ነው። ይህች ጥቂት ሰከንድ የአንተ ናት። ዘይት ውስጥ ሦስት አራት ሰከንድ ካቆየኸው በኋላ አውጣውና ወዲያው በሁለት ወፍራም ዝርግ ብረቶች መሃል አጥብቀህ ያዘው። ብረቶቹ ቀዝቃዛና ደረቅ ይሁኑ። ሁለት ትልልቅ ማጥበቂያ ቀድመህ አዘጋጅ፣ ረዳትም ይኑርህ። ምላጩ ቀጥ ብሎ ተይዞ ሳለ ይጠጥራል፤ ቀጥ ብሎም ይቀራል። በቁራጮቹ ላይ ሰዓቱን ተለማመድ።

ሲቀዘቅዝ ሞረድ አስነካው። ሞረዱ ካንሸራተተ ጠጥሯል። አሁን ብርጭቆ ነውና መሬት ላይ እንዳይወድቅ። ለነገ ብለህም አታሳድረው። ውጥረቱ በራሱ ጊዜ ሊሰነጥቀው ይችላል። በሰዓት ውስጥ ማርገብ ጀምር።

ለማርገብ የኩሽና ምድጃ አይበቃህም። አብዛኛው 250 ዲግሪ አካባቢ ላይ ያቆማል፤ የመጋዝ ልክ ግን ከዚያ በላይ ነው። ሰፊ የብረት ምጣድ ላይ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ አንጥፍ። ሦስት አራት ሳንቲ ሜትር ይወፍር። አሸዋው ሙቀቱን እኩል ያደርግልሃል። ምላጩን በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ አጥራ፤ ካልጠራ ቀለሙ አይታይም። በአሸዋው ላይ አስተኛው፣ እየገለበጥክ ተከታተል።

ቀለሙ ራሱ ቴርሞሜትር ነው። ብረቱ ሲሞቅ ከአየሩ ጋር ተዋሕዶ እጅግ ስስ ቆዳ ያወጣል። ቆዳው ሲወፍር ብርሃኑን በተለያየ ቀለም ይመልሰዋል። በ220 ዲግሪ አካባቢ የገለባ ቢጫ ታያለህ። በ255 ቡናማ ይሆናል። በ280 ወይን ጠጅ። 300 ላይ ደማቅ ሰማያዊ። ከዚያ ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ግራጫ። ለቢላዋ ገለባው ላይ ይቆማል። ለእጅ መጋዝ ግን ደማቁ ሰማያዊ አልፎ ሊፈዝ ሲል ነው የምትፈልገው። 310 እስከ 330 ዲግሪ አካባቢ ማለት ነው። በዚህ ልክ ብረቱ ወደ 50 ሮክዌል ገደማ ይወርዳል። አንድ ሰዓት አቆየው፣ አቀዝቅዘው፣ እንደገና አንድ ሰዓት ድገመው። ልብ በል፤ ቀለሙ የሚታመነው መጀመሪያ ሲወጣ ነው። ረጅም ሰዓት ሲቆይ ሙቀቱ ሳይጨምር ቀለሙ ራሱ ይገፋል።

ሁለተኛውን ዙር ምላጩን በሁለት ዝርግ ብረት መሃል በብሎን አስረህ አድርገው። የቀረ ጥመት ካለ በዚህ ይወጣል። ግትር ጥመት ከሆነ ከሥሩ ስስ ላሜራ ሸጉጠህ በተቃራኒው ትንሽ አልምጠው። ጫፉን ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ውጭ ተወው፤ ቀለሙን በሱ ታያለህ። የታሰረ ብረት ቀስ ብሎ ስለሚሞቅ ሰዓቱን አርዝም። ይህ አዲስ ዘዴ አይደለም። በፈረንጆች 1840 ፊላደልፊያ ውስጥ መጋዝ መሥራት የጀመረው ሄንሪ ዲስተን ፋብሪካው ምላጩን በጋሉ ዝርግ ብረቶች መሃል ተጭኖ ነበር የሚያረግበው። ሰውዬው ለብረቱ ጥራት ከመጨነቁ የተነሳ በ1855 የራሱን አረብ ብረት ማቅለጥ ጀምሯል። የዚያ ዘመን መጋዞች ዛሬም እየተሳሉ ይሠሩባቸዋል።

ትክክል መውጣቱን በሦስት ነገር ታውቃለህ። አዲስ ሞረድ ሲነካው ይበላዋል፤ ግን ያዝ እያደረገ ነው የሚበላው፣ እንደ ሚስማር አይላጥም። ምላጩን እንደ ጨረቃ አልምጠህ ስትለቀው ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ጫፍ ላይ ሁለት የሙከራ ጥርስ አውጥተህ ስታዘነብላቸው ሳይሰበሩ ባዘነበልክበት ይቆማሉ። ጥርሱ ከተሰበረ ምንም አትደናገጥ። በ20 ዲግሪ ከፍ አድርገህ እንደገና አርግበው። ወጥ ላይ ጨው እንደመጨመር ነው። መጨመር ትችላለህ፤ ከበዛ ግን ማውጣት የለም፣ ከማጋሉ ትጀምራለህ። ስለዚህ ሁልጊዜ ከዝቅተኛው ተነስ።

ጥርሱን ከዚህ ሁሉ በኋላ አውጣው እንጂ ከእሳቱ በፊት አይደለም። የጥርስ ጫፍ ስስ ስለሆነ እሳት ውስጥ ቀድሞ ይቃጠላል። አሁን ያሉትንም ጥርሶች አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ሞርደህ አዲስ ብረት ላይ አድርሳቸው። ከጥርሱ ሥር ያለው ጎድጓድ ሹል ማዕዘን አይኑረው፣ ክብ ይበል። ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው። ስታዘነብልም የጥርሱን የላይኛውን ግማሽ ብቻ አዘንብል። በአንድ ወገን ከምላጩ ውፍረት ሲሶ አይለፍ። የተሰበሩብህ ጥርሶች ምናልባት ከሥራቸው ታጥፈው ይሆናል፤ ያኔ ጥሩ የረገበ ብረትም ይሰበራል።

«ጥርሱን ብቻ ባጠጥርስ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ፋብሪካ ይሠራዋል። መርካቶ የምታያቸው ጥርሳቸው የጠቆረ ወይም ሰማያዊ የሆነ መጋዞች እንደዚያ ናቸው። በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኤሌክትሪክ የጥርሱ ጫፍ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይግላል። ቀዝቃዛው ገላ ወዲያው ሙቀቱን ይመጠዋል። ጫፉ ከ60 ሮክዌል በላይ ይሆናል፣ ለረጅም ጊዜም ይቆርጣል። ግን ሞረድ አይበላውም። ሲደነዝዝ ይጣላል። ሞረድህን እንዳታበላሽበት። ይህንን በጋዝ ችቦ ልሥራ ብትል ችቦው ቀርፋፋ ነው። ጫፉ እስኪግል ሥሩ ከልክ በላይ ይረግባል፤ ጥጥር ጫፍ በለስላሳ ሥር ላይ ይቀመጣል። አይሆንም።

ዕድሜውን በተመለከተ ደግሞ አንድ የሚያሳዝነኝ ነገር አለ። በደንብ የተሠራ መጋዝ በሚስለው ሰው እጅ ነው የሚሞተው። በግራይንደር ደንጊያ ሲሳል ጥርሱ ጫፍ ላይ ብልጭ ብሎ ሰማያዊ ይሆናል። ያች ሰማያዊ ጫፍ ሙቀት አልፎባታል። ጥጥርነቷ ከልኩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ብሶ ቀይ ከሆነች ገላው በድንገት ስለሚያቀዘቅዛት ያልረገበ ብርጭቆ ትሆናለች፣ በሚቀጥለው እንጨት ትሰበራለች። በሞረድ ሳል። ግድ ደንጊያ ከሆነ አንድ ሰከንድ ነካ፣ ቀጣዩ ጥርስ፣ እያልክ ዙር። እንጨቱንም ከመቁረጥህ በፊት ቅርፊቱን ላጠው። መሬት ለመሬት የተጎተተ ግንድ ቅርፊቱ ውስጥ አሸዋ ይዟል። አሸዋ ደግሞ ከየትኛውም የመጋዝ ጥርስ ይበልጥ ጥጥር ነው። ወይራ ላይ ከምትደክመው በላይ አሸዋ ላይ ትደክማለህ።

የክብ መጋዝህን ነገር ለመጨረሻ ያቆየሁት አጭር መልስ ስላለው ነው። አይሠራም፤ አትሞክረው። 30 ሳንቲ ሜትር ክብ መጋዝ በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰከንድ 47 ሜትር ይሄዳል። በሰዓት 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። የእጅ መጋዝ ጥርስ ቢሰበር ታዝናለህ። የዚህ ጥርስ ቢሰበር ዓይንህ ወይም አንገትህ ላይ ነው። ከዚህም በላይ ክብ መጋዝ ፋብሪካ ውስጥ በልዩ የመዶሻ አመታት መሃሉ ትንሽ እንዲላላ ይደረጋል። ሲዞርና ጠርዙ ሲሞቅ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ነው። እሳት ካስነካኸው ያ ሁሉ ይጠፋል፣ ሲዞር ይዋልላል።

ጥርሱ ላይ የተጣበቀ ግራጫ ቁራጭ ካለው ደግሞ ካርባይድ ነው። አንዳንዱ ዊዲያ ይለዋል፤ «እንደ አልማዝ» ከሚል ጀርመንኛ የመጣ ስም ነው። ይህ አረብ ብረት አይደለም። በእሳትና በዘይት የሚለወጥ ነገር የለውም። በብር ብየዳ ነው የተያያዘው። ሲደነዝዝ በአልማዝ ደንጊያ ይሳላል፣ ሲነቀል በባለሙያ ይበየዳል። ካርባይድ የሌለው ከሆነ በሞረድ ሳለው፣ ጥርሱን አዘንብል፣ ሌላ ምንም አታድርገው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ እይልኝ። ዲስኩን አውጣና ገላውን አጥራ። ሰማያዊ ነጠብጣብ ካለበት አንድ ቀን ከልክ በላይ ሞቋል። ስንጥቅ ካለበትም እንደዚያው። ወደ ማሽኑ አትመልሰው። በቀዝቃዛ ቆርጠህ የእንጨት መፋቂያ አውጣበት፤ ለዋንዛ ጠረጴዛ ገበታ ከብርጭቆ ወረቀት የተሻለ ይሠራልሃል።